የአውራ ጣት ትርፍ

እናቴን ብዙ ነገር ይቅር ብያታለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ሆዴ ውስጥ አብሮኝ አርጅቷል። ኮርቻ ቤት በገባሁባት ጠዋት አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞረችው እሷ ናት። አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ሕፃን እንደምታስተኛ ሁሉ ቀስ አድርጋ አዞረችኝና «በይ ልጄ፣ ዓይንሽ ከእጅሽ አይራቅ» አለችኝ። ብትመታኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ እረሳው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቴ ያለው በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ስንጥቁን ሁሉ እንደ ጎረቤት አውቀዋለሁ። ከጀርባዬ ታላቅ እህቴ ትቀመጥ ነበር። እሷ ቆራጭ፣ እኔ ጠርዝ ሰፊ። ጀርባና ጀርባ ሆነን፣ ባሳላት ቁጥር ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካኝ፣ ሳሉ እስኪወስዳት ድረስ ኖርን። ቢላዋ ቆዳው ላይ ሲሄድ ድምፁን እሰማለሁ፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን አላየሁም። በተቀበረች ማግስት አንድ የተጠናቀቀ ኮርቻ ላይ ጎንበስ ብዬ የእሷን እጅ ፈለግሁ። የቱ የእሷ፣ የቱ የሌላ ሰው እንደሆነ አጣሁት። የዚያን ቀን ያለቀስኩት በሐዘን ብቻ አይደለም፤ ቆሽቴ አርሮ ነው።

አሁንም ይኸው ነገር እየተመላለሰብኝ የእጅ ጋሪ እገፋለሁ። ጋሪው ላይ በሸራ ተጠቅልሎ የተጫነው የመንግሥት ደብዳቤ በፈረስ ለሚያመላልሰው ለመልእክተኛው ጦር የሠራነው የመኪና ጣራ ነው። ከብረት ክፈፍ ላይ የሚለብስ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋ፣ ፀሐይ ሲሆን ወደ ኋላ የሚታጠፍ የቆዳ ጣራ። ከፊት አለቃው ይጎትታል። ለኪውና ከእህቴ በኋላ ብቻውን የቀረው ቆራጭ ግራና ቀኝ ይዘውታል። እኔና ጋሼ ዘለበት ከኋላ እንገፋለን። የእህቴ ልጅ ሚጣ ድንጋይ ታቅፋ ትከተለናለች፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ልንወስድ በቆምን ቁጥር ጋሪው እንዳይንሸራተት ከመንኮራኩሩ ሥር ትወሽቃለች።

«ይሄ ነገር ከነፈረሱ ነው እንዴ የጫናችሁት?» አለ ጋሼ ዘለበት እያለከለከ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዘለበት ሲተክል ስለኖረ ያን ስም ሰው ረስቶታል።

«አንተን ምን ከበደህ? እኔ እገፋለሁ፣ አንተ ተደግፈህ ትሄዳለህ።»

«አንቺ ችኮ፣ ምላስሽ እንደ ወስፌሽ ነው።»

«እንደ ወስፌዬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ወግቶህ ዳገቱን በሩጫ ትጨርሰው ነበር።»

ችኮ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ አሮጌው አለቃ፣ የአሁኑ አለቃ አባት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጃቸው ቀልዳችንን ሰምቶ ዞር ብሎ አየን፤ አልሳቀም። የአባቱን ረጅም ካፖርት ለብሷል፤ የናስ አዝራሮቹ እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። በዚያ ፀሐይ ላቡ ከጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ አንዷን እንኳ አልፈታም። የአለቅነት ካፖርት ሰው ፊት አይፈታማ።

ለምን እንዳልሳቀ አውቃለሁ። አሮጌው አለቃ ከሞቱ ወዲህ ኮርቻ የሚያዝ ሰው በራችንን አልረገጠም። መልእክተኛው ጦር ፈረሶቹን እየሸጠ መኪና ማስገባት ጀምሯል። ከዘመን ዘመን ለዚህ ጦር ኮርቻ፣ ልጓምና የእርካብ ጠፍር ስንሠራ የኖርን ሰዎች እጃችንን አጣጥፈን ግድግዳ ስናይ ከረምን። ይህ ጣራ የመጀመሪያው ሥራችን ነው። ከተወደደ ቤቱ ይቆማል፤ ካልተወደደ ተበተንን።

ደግሞ በማግስቱ የማስቀመጥ ቀን ነው።

የቤታችን ሕግ አንድ ነው፦ አንድ ወንበር፣ አንድ እጅ። ልጅ ለሥራ ሲደርስ ዝቅተኛ በርጩማ ይሰጠዋል፣ አንድ መሣሪያ መዳፉ ላይ ይቀመጥለታል፣ ከዚያ የቅርብ ዘመዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። በቃ። ለኪ ከሆነ ሲለካ ይሞታል፣ ቆራጭ ከሆነ ሲቆርጥ። ሙያውን ሙሉ የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው፤ ማንም ቢሆን ከኛ ወጥቶ የራሱን ኮርቻ ቤት እንዳይከፍት። ከወንበሩ ጋር ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ መኝታችን፣ ማብሰያችን፣ ሁሉ ነገራችን እሱ ነው። ዘመዱን አላዞርም ያለ ሰው ወንበሩንም ክፍሉንም ያጣል። እስካሁን አላዞርም ያለ የለም።

ነገ የምትቀመጠው ሚጣ ናት፤ በእናቷ ወንበር። የማዞራት ደግሞ እኔ።

«አክስቴ» አለችኝ ድንጋዩን እንደታቀፈች አጠገቤ እየተራመደች። «ነገ የምታዞሪኝ አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን አለሽ?»

«ከዞርኩ በኋላ አልመለስም?»

«ለምሳ ትመለሻለሽ።»

«እውነቴን እኮ ነው!»

«እኔስ ምን አልኩ?» ብዬ ጋሪውን ገፋሁት። ልጅቱ እናቷ እያለች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሁላችንን ጀርባ እያየች ነው ያደገችው። ይህ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ያኛው ለምን እንዲያ ሆነ ስትል ውላ ታድራለች፤ ከኛ መሀል መልስ ያለው ሰው የለም። የምናውቀው ፊት ለፊታችን ያለውን ብቻ ነው።

የመልእክተኞቹ ሰፈር ስንደርስ ጋጣው ግማሹ ባዶ ነበር። ድሮ ፈረስ የሚሸትበት ቦታ አሁን የሚሸተው ነዳጅ ነው። መኪናዋ ግቢው መሀል ቆማለች፤ ጥቁር፣ ፋኖሶቿ የተወለወሉ፣ ክፈፏ እንደ ዓሣ አጥንት ባዶውን ወደ ላይ የቆመ። ወታደሮቹ ሊያዩ ተሰበሰቡ። ሻለቃው ከቢሮው ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም።

«እንዴት ናችሁ አለቃ? እስቲ እንየው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ ሻለቃ» አለ አለቃችን፤ እጅ ነሥቶ ሸራውን ገለጠ።

ቆዳው ያማረ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። የሻይ ቅጠል መልክ ያለው፣ ዘይት ጠጥቶ የለሰለሰ። አንድ ወታደር በከንፈሩ አፏጨ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሙሉውን ተዘርግቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ያን ጊዜ ነው ያየነው። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እያንዳንዳችን የምናየው የየራሳችንን ቁራጭ ነው፤ መጨረሻ ላይ አለቃው ወደ መጨረሻዋ ክፍል አስገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ የራሱን እጅ አሳርፎ፣ አጥፎ ያወጣዋል።

ሾፌሩና ሁለት ወታደሮች አንስተው ክፈፉ ላይ አለበሱት።

ጣራው ክፈፉን አለፈ፤ ፋኖሶቹን ዋጠ። ወንበሩን፣ መሪውን፣ በሮቹን ሁሉ አልብሶ ከኋላ መሬት ላይ ተጎተተ። መኪና የሚባል ነገር ከዓይናችን ጠፋ። ሾፌሩ ከውስጥ ቀርቶ ነበርና እጁን እየዳበሰ መውጫ ሲፈልግ ቆዳው እዚህም እዚያም ይነሳል።

«ኧረ አውጡኝ!» አለ ከውስጥ። «በር የት ነው?»

ወታደሮቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ «ለመኪና ነው ወይስ ለመኪና ሠርግ?» አለ። ሌላው «ፈረሶቹንም መልሱ፣ ለሁሉም ይበቃል!» አለ። ጋሼ ዘለበት ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አለ አለቃችን ወደኛ ዞሮ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ለኪው ቀድሞ ተናገረ። «እኔ በትክክል ነው የለካሁት! እንደተማርኩት ለቆራጩ አንድ አውራ ጣት ትርፍ ተውኩለት እንጂ።»

«አንተ ተውክ እንዴ?» አለ ቆራጩ። «የምተወውማ እኔ ነኝ! ለሰፊዋ አንድ አውራ ጣት።»

ሁሉም እኔን አዩኝ።

«እኔ በቆዳው ከንፈር፣ ጠርዙ ላይ ነው የምሰፋው» አልኩ። «ወደ ውስጥ እንዳልገባ፣ ትርፉን ለሚቀጥለው ሰው እንድተው ነው የተማርኩት። የሚቀጥለው ጋሼ ነው።»

«እኔን አትንኩኝ» አለ ጋሼ ዘለበት። «እኔ ዘለበቱን የምተክለው ጫፍ ላይ ነው። የተረፈውን አለቃው ያስገባዋል ተብዬ ነው።»

ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ አለቃውን አየ። አለቃው ካፖርቱን አንዴ ከደረቱ ላይ አራገፈ፤ አቧራ ግን አልነበረበትም።

ያን ጊዜ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። እያንዳንዳችን ለሚቀጥለው ሰው ደግ ሆነናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ፣ እያንዳንዱ እጅ ላይ፣ አንድ አንድ አውራ ጣት። ማንም አላጠፋም። ሁሉም የተማረውን ልቅም አድርጎ ሠርቷል። የሠራነው ግን ድንኳን ነው።

ሻለቃው አልሳቀም። ወርዶ ቆዳውን በመዳፉ ዳበሰው።

«ሥራችሁ አይታማም» አለ። «ግን አለቃ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ዘንድሮ የዚች መኪና ጣራ ነው የምፈልገው። ለከርሞ መንግሥት ሌላ ዓይነት ይልካል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ቆዳ የማይፈልግ ነገር ይመጣ ይሆናል። ኮርቻ የሚሠሩ ሰዎች በየትም አሉ። እኔ የምፈልገው ያላየውን ነገር አይቶ፣ አገላብጦ አስቦ፣ መሥራት የሚችል ሰው ነው። ዝናቡ ሳይገባ አስተካክላችሁ አምጡልኝ። ካልሆነም ንገሩኝ፤ ከሌላ ቦታ አስመጣለሁ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሪውን መግፋት አላስፈለገም። ሚጣ ድንጋዩን ጥላ እጄን ያዘች።

ግቢያችን እንደገባን አለቃው ጥቅሉን ተሸክሞ ወደ መጨረሻዋ ክፍል ገባ። ሌላው ወደየክፍሉ ሄደ። እኔ አልሄድኩም። በሩ ፊት ቆምኩና አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ነገ እንነጋገራለን።»

«ነገማ የማስቀመጥ ቀን ነው። ዛሬ ክፈትልኝ።»

ሰው ፊት «እርስዎ» ነው የምለው። ሰው በሌለበት ግን ያሳደግነው ልጅ ነው፤ አፍንጫውን ስንጠርግለት ነው ያደገው። ቁልፉ ሲዞር ተሰማኝ።

እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ውስጡ ትልቅ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ስሙን የማላውቀው መሣሪያ፣ የተደበቀ ጥበብ። አንድ ጠረጴዛ ነው ያለው። አንድ ቢላ፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ ድውር ክር። ከጠረጴዛው ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ደግሞ የቆዳ ቁርጥራጭ ተከምሯል፤ ጉልበት ይደርሳል። ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ እንደ ጠፍር።

ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ። ጠርዙ ላይ ስፌት አለ። የኔ ስፌት ነው። ሌላ አነሳሁ፤ የኔ ነው። ሌላም።

«እሳቸው ናቸው?» አልኩ።

«አባባ ናቸው» አለ። ቁጭ ብሎ ካፖርቱን እያሻሸ። «ትርፉን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብተው በራሳቸው ክር እንደገና ይሰፉት ነበር፤ ውጭ የቀረውን ይቆርጡታል። ይህንንም ያወቅኩት ዛሬ ነው፤ ክምሩን ሳየው። እስከ ዛሬ ቆሻሻ ነበር የሚመስለኝ።»

«ከነስፌቴ?»

«ከነስፌትሽ።»

ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት እዚያ መሬት ላይ ተከምሯል። ከስፌቴ ቀጥሎ ያለው ጠርዝ ደግሞ ቢላ የሄደበት ነው፤ በዚያን ዘመን እኔ የምሰፋውን የምትቆርጠው እሷ ብቻ ነበረች። የእህቴ እጅ ነው። ኮርቻው ላይ ስፈልገው ያጣሁት እዚህ ስለነበረ ነው። ጣቴን በጠርዙ ላይ አስኬድኩት። ቀጥ ያለ ነው፤ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። በሳሏ መሀል እንዴት እንዲህ ቀጥ አድርጋ እንደቆረጠችው እንጃ። ኮራሁባት። እንዲህ የኮራሁባት ጊዜ የለም።

«አንተስ?» አልኩት ቀና ብዬ። «አላስተማሩህም?»

የመጀመሪያዋን አዝራር ፈታ።

«ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያሉኝ ሞቱ። ቁልፉን ነው የሰጡኝ። እኔ ቆዳ በዘይት ማሸት ነው የማውቀው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ እጅ እኔም ላይ ደርሶብኛል። ጣራውን እዚህ አስገብቼ ዘይት ቀባሁት፣ አጠፍኩት፣ አወጣሁት። ሌላ ምን ላድርግ? ይህን ለማንም እንዳትናገሪ እትዬ። በእናትሽ።»

«አልናገርም» አልኩ። «ግን ነገ ልጅቱን አናዙራት።»

«እንዴት ተብሎ!»

«አንተ ሰማህ አልሰማህም፣ ሻለቃው የሚመጣውን አላውቀውም አለ። እሱ ያላወቀውን እኛ አውቀን ነው አንድ ቢላ ሰጥተን ግድግዳ የምናሳያት? ቢላው የማያስፈልግበት ቀን ቢመጣ ምን ልትሆን ነው? ግድግዳ ማየት ሙያ አይደለም። እኔ ስንት ዘመን አየሁት፣ ያስተማረኝ ነገር የለም።»

«ሁሉም ሁሉን ካወቀ እኔ ምንድን ነኝ?»

«አሁንስ ምንድን ነህ?»

ይህን ስለው ክፉ ሆንኩበት፤ ዓይኑ ውሃ አዘለ። ተነሣና አዝራሩን መልሶ ቆለፈ።

«ማስቀመጡ አይቀርም» አለ። «አባባ ትተውልኝ የሄዱት ይህን ሕግ ብቻ ነው። አላዞርም ካልሽ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ክፍልሽን ታስረክቢያለሽ። አንቺና ልጅቱ የት እንደምትሄዱ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም።»

እውነቱን ነው። አላውቅም ነበር።

ጠዋት ሁሉም በየወንበሩ፣ ፊቱን ወደየግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። እንደ ሕጉ ሁሉም የተቀመጠበትን ወንበር በአንድ ጊዜ በእጁ አንኳኳ። ሚጣ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ መሀል ቆማለች። አለቃው የእናቷን ቢላ አምጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። እጇ ትንሽ ስለሆነ እጀታው ተርፎ ወጣ። የእናቷ በርጩማ ከወንበሬ ጀርባ፣ በድሮው ቦታው ነው፤ ሄዳ ተቀመጠችበት።

«አንድ ወንበር» አለ አለቃው።

«አንድ እጅ» አሉ ሁሉም ለግድግዳው።

«ዘመድ ያዙራት።»

ተነሣሁ። ልጅቱ ተቀምጣ ወደ ላይ አየችኝ። አላለቀሰችም፤ ቢላውን እንደያዘች ጠበቀችኝ። አገጯን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ሙቀቷ ሲሰማኝ እናቴ ገባችኝ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ወንበሩ እንጀራችን፣ ክፍሉ ቤታችን ነበር፤ ያኔ ፈረስ ዘላለም ይኖራል፣ ኮርቻም ዘላለም ይኖራል። የምታውቀውን ዓለም ሰጠችኝ። እኔ ግን ለልጅቱ የምሰጣት የማውቀው ዓለም የለኝም። ታዲያ ግድግዳውን ብሰጣት ምን ይረባታል?

አዞርኳት። ከግድግዳው አርቄ፣ በርጩማዋን ከነ እሷ እየጎተትኩ፣ ወደ ቤቱ መሀል አዞርኳት። የበርጩማው እግር ወለሉን ሲፍቅ ሁሉም ሰማ፤ ማንም ግን አልዞረም።

«እዪ» አልኳት ጮክ ብዬ። «ያ ለኪው ነው፤ ገመዱን እንዴት እንደሚይዝ ሂጂና እዪው። ያ ቆራጩ ነው። ያ ጋሼ ነው። ይህ ወንበር የኔ ነው። በሁሉም ላይ ትቀመጫለሽ። ያልገባሽን ጠይቂ፤ ያልገባንን ደግሞ አብረን እንፈልገዋለን።»

«እትዬ!» አለ አለቃው። «ምን ማድረግሽ ነው?»

«እያስቀመጥኳት ነው፣ አለቃ።»

«ሕጉ...»

«ሕጉን አውቀዋለሁ። ክፍሉን ዛሬውኑ አስረክባለሁ፤ ዕቃዬ አንድ ጋሪ አይሞላም። ወንበሩንም ውሰዱት። ልጅቱን ግን አላዞርም። እንኳን አንድ ክፍል፣ ቤቱን በሙሉ ብትሰጡኝ አላዞርም!»

ከዚያ ከወዲያ ጥግ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ጋሼ ዘለበት ነው። አንገቱን እያሻሸ፣ ወገቡን እየደገፈ፣ ቀስ ብሎ ከነወንበሩ ዞረ።

«ወይ ጉድ» አለ ቤቱን እየቃኘ። «ይሄ ቤት መስኮት ነበረው እንዴ?»

ቆራጩ ሳቀና ዞረ። ለኪው አንገቱን ብቻ ጠምዝዞ ወደ አለቃው፣ ወደኔ፣ መልሶ ወደ አለቃው አየና ከነወንበሩ ዞረ። በልጅነታችን ገብተን አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ ፊታቸውን የማውቀው ግቢ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ ያሉ ፊታቸውን ያን ቀን አየሁ።

አለቃው መሀላችን ቆሞ ቀረ። ሁሉም እሱን እያየ ነው። የሚፈራው እኔን አልነበረም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ጣራውን እንዴት እናስተካክለው ብሎ አንድ ሰው ቢጠይቀው የሚመልሰው የለውም፤ ይህን ደግሞ ከሁለታችን በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብተነፍስ ያልቅለት ነበር። ቃል ሰጥቼዋለሁ፤ ቃሌን ደግሞ አልበላም።

ወንበሬን አንስቼ ከሚጣ በርጩማ አጠገብ፣ መሀል ላይ አኖርኩት።

«አለቃ» አልኩ። «ይቀመጡ።»

«እኔ?»

«ቤቱን የሚመሩት እርስዎ ነዎት። ያላየነው ሥራ ሲመጣ የእያንዳንዳችንን እጅ ካላወቁልን ማን ያገጣጥመናል? አባትዎ ብቻቸውን ይችሉት ነበር፤ እርስዎ ከኛ ጋር ይቻሉት። ከልጅቱ ጋር አብረው ይዙሩ፤ በወንበር ሁሉ። ከኔ ይጀምሩ።»

አለቃው ወንበሩን አየው፣ ሚጣን አየ። ሚጣ በርጩማዋን ትንሽ ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው። እሱን ያሸነፈው እኔ የተናገርኩት ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ከላይ ጀምሮ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ፈታ። ካፖርቱን አወለቀና ጋሼ ዘለበት ልጓም የሚሰቅልበት ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከውስጥ የለበሰው ሸሚዝ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነበር። ተቀመጠ።

«ግዴላችሁም» አለ። «እዚያ ውስጥ ያለውንም ነገር አውጡት። እዩት ሁላችሁም።»

የመጨረሻዋን ክፍል ቁልፍ ለለኪው ወረወረለት። ጥቅሉንና የቁርጥራጩን ክምር ተሸክመው አወጡ። አንዳንዱ የራሱን እጅ ለይቶ አነሳ፤ ቆራጩ ደግሞ ስድብ አወረደ፤ ማንን እንደሚሰድብ ግን አልገባውም። ከዚያ ጣራውን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ቤቱን ሞላው። ጫማችንን አውልቀን ዙሪያውን ተንበረከክን፤ ፊት ለፊት፣ እየተያየን።

«ትርፉን ማን ይተው?» አለ ለኪው።

«አንድ ሰው ብቻ» አለች ሚጣ።

«ማን?»

«አላውቅም። እንሞክረው።»

«እንሞክረው» የሚባል ቃል በዚያ ቤት ሲነገር የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ሞከርነው። መጀመሪያ ለኪው ይተው አልን፤ ቆዳው ሲታጠፍ ጠበበ። ቆራጩ ይተው አልን፤ ተሻለ። ተጨቃጨቅን፣ ተሰዳደብን፣ ጋሼ ዘለበት ሁለቴ ተቆጥቶ ወጥቶ ሁለቴ ተመለሰ። ልጅቱ ቢላውን ይዛ የሰው ሁሉ እጅ ሥር ትገባለች፤ ማንም «ዞር በይ» አላላትም።

ወስፌዬን ለአለቃው ሰጠሁት። እንደ ማንኪያ ነው የያዘው።

«እንዲህ አይደለም» አልኩት። «አውራ ጣትዎ ከላይ። ይግፉት፣ አይፍሩት፣ ቆዳ አይነክስም።»

ገፋው። ጣቱን ወጋው፣ ጠባው፣ እንደገና ገፋው። ሚጣ ከወዲያ ጫፍ ቆዳውን ወጥራ ያዘችለት። ምላሱን በከንፈሩ መሀል አድርጎ፣ ልጅ ሳለ እንደማውቀው ሆኖ፣ አንድ ስንዝር የምትሆን ስፌት ሰፋ። ከሰፋ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

ስፌቷ ጠማማ ናት። አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ቅርብ፤ መሀል ላይ ደግሞ ሰካራም የሄደበት ይመስል ወደ ጎን ወጥታለች።

«ልፍታው?» አለኝ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

ከሚጣ ጋር ጎንበስ ብለው ተማከሩ። ውሃ ታስገባለች አታስገባም ብለው ቆዳውን አጥፈው፣ ውሃ አምጥተው አፈሰሱበት። አላስገባችም።

«ትቆይ» አለ።

ዝናቡ ሳይገባ ጣራውን ጋሪ ላይ ጭነን ወጣን። ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ ቀርቷል፤ አለቃው በሸሚዙ ከፊት ይጎትታል። ክፈፉ ላይ ስናለብሰው ልክክ አለ። ሻለቃው ዙሪያውን ዞሮ አየው፤ ከሾፌሩ ራስ በላይ ሲደርስ ቆመና ጠማማዋን ስፌት በጣቱ ነካት።

«ይህቺን የሰፋው ማነው?» አለ።

አለቃችን ወደ ፊት ሊወጣ ሲል ቀደምኩት።

«ኮርቻ ቤታችን ነው፤ አሁን ትምህርት ቤት ሆኗል» አልኩ።